በመጋዘኑ ያነበብነው የፍቅር መጽሐፍ

ከክፍል ነው የወሰዱኝ። አሥረኛ ክፍል ቆሜ ስለ ዘይቤ እያስተማርኩ፣ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በበሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ «አንዴ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አለኝ። ከኋላው ሁለት ሰዎች ቆመዋል። «ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለኝ አንደኛው። እኔም ሞኝ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ፣ ተመልሼ የምቀጥል መስሎኝ። ተማሪዎቹ ግን ቀድሞ ገብቷቸዋል። ክፍሉ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ይህን ጸጥታ ስንት ዓመት ስለምናቸው ምነው ነፍገውኝ ኖሩ ብዬ መኪናው ውስጥ ሆኜ ተናደድኩ።

ጥፋቴ በመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እዚህ አልደግማትም። ረጅም አልነበረችም፣ ውሸትም አልነበረችም። ከስብሰባው ስንወጣ ሁለት ባልደረቦቼ እጄን ጨብጠው «ጎበዝ» አሉኝ፣ ሲወስዱኝ ግን አንዳቸውም ከመምህራን ማረፊያው በር ላይ አልታዩም። አልፈርድባቸውም፣ ልጆች አሏቸው። ቢሆንም ያኔ ደሜ ፈልቶ ነበር።

ያስገቡን መሐል ሜዳ ከተማ ዳር የነበረ የድሮ እህል መጋዘን ውስጥ ነው። ሌላው ቦታ ሞልቶ ነው መሰለኝ። ወንዶቹ ሰፊውን አዳራሽ ይዘዋል፣ ለሴቶች የደረሰን ከጀርባ ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ስገባ መጀመሪያ ያገኘኝ የገብስ ብናኝ ነው። እህሉ ከወጣ ስንት ዘመን ሆኖት ብናኙ ግን አልወጣም፣ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ከጣሪያው ሥር አንዲት ረዘም ያለች ክፍተት አለች፣ ፀሐይ በእሷ በኩል ከሰዓት በኋላ ብቻ ትገባለች። መሬቱ ሲሚንቶ ነው። የመንዝን ውርጭ ለማያውቅ ሰው ሲሚንቶ ላይ መተኛት ምን እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም። ምንጣፋችን ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር።

ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛዋ ፀጉራቸው የነጣ እናት ናቸው፣ እማማ እላቸዋለሁ። ገና ጆንያዬን ሳላነጥፍ «ምን አድርገሽ ነው?» አሉኝ።

«ተናግሬ» አልኳቸው።

«እኔ ደግሞ አብልቼ» አሉ። ቤታቸው መንገድ ዳር ነው፤ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ አብልተሻል፣ ጫካ ያሉትንም አብልተሻል ብለው ነው ያመጧቸው። «ሰው ራበኝ ሲለኝ በሶ እበጠብጥለታለሁ እንጂ የማን ወገን ነህ ብዬ አልጠይቅም። የጠገበ ሰው ነው የማን ነህ የሚል።»

«እሷስ?» አልኩ ወደ ጥጉ እያየሁ።

«እሷ ምንም። ወንድሟ ጠፋ። እሱን ሲያጡት እሷን ያዙ።»

ልጅቷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከዘመሮ ወዲያ ካለ ገጠር ናት። ትከሻዋ ላይ እናቷ የፈተሉት ወፍራም የበግ ጠጉር ባና ጣል አድርጋለች። ከጭኗ ላይ ሐምራዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አለ። ሽፋኑን ከሩቅ አወቅሁት። እርሜን አወጣሁ።

ያንን መጽሐፍ ማምለጥ አልተቻለም። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በየሄድኩበት አለ። ተማሪዎቼ ዴስክ ሥር ደብቀው ያነቡታል። ስለ ግብረ ገብነት ድርሰት ጻፉ ብላቸው ስለ መጽሐፉ ልጅና ስለ ፍቅረኛዋ ይጽፉልኛል። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ከሹፌሩ ጋር ልጁ ጥፋተኛ ነው አይደለም እያለ ይከራከራል። የእህቴ ልጅ እራት ላይ ታነሳዋለች። የሒሳብ መምህሩ ሳይቀር፣ በሕይወቱ ከቀመር ሌላ አንብቦ የማያውቅ ሰውዬ፣ «አንቺ የአማርኛ አስተማሪ ሆነሽ እስካሁን አላነበብሽውም?» አለኝ፤ ክርስትና ያልተነሳ ሰው ይመስል አየኝ። የወጣቶች ፍቅር ነው፣ ሁለት ተማሪዎች ተዋደዱ፣ ከዚያ ምን ይሆናል? ይሳሳማሉ ወይ ይላቀሳሉ። ይህን ለማወቅ ጊዜዬን አልሰጥም ብዬ ወስኜ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ጊዜ ሰጠኝ።

ልጅቷ በማግስቱ ቀረብ ብላ «መምህር» አለችኝ። «ቢያነቡልኝ?»

«ማንበብ አትችይም?»

«ፊደል አውቃለሁ።» አባቷ ቄስ ነበሩ፣ ከቤት ነው ያስተማሯት። ፊደሉን፣ ከዚያ ንባቡን፣ ዳዊትን በዜማ እየጎተቱ በሚነበበው በውርድ ንባብ አድርሰዋታል። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፣ አባቷ ሲታመሙ ከአራተኛ ክፍል ወጣች። «በራሴ ሳነበው አንድ ገጽ ቀኑን ሙሉ ይወስድብኛል። ዜማው ይመጣብኛል፣ ሳይጎተት አይሄድልኝም።»

«የኔ ልጅ፣ ሌላ የፈለግሽውን ላንብብልሽ። ይኸው ጆንያው ላይ ስለ ማዳበሪያው አጠቃቀም የተጻፈ አለ፣ እሱ ይሻላል።»

አልሳቀችም። «እሱን አይደለም የላከልኝ» አለች።

ያኔ ነው ነገሩን የነገረችኝ። እጮኛ አላት፣ ደብረ ብርሃን የሚማር። ሽማግሌ ልከው አባቷ ቃል ሰጥተዋል። ቃሉን ከሰጡ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፣ ሠርጉም ለኀዘኑ ሲባል ወደ መጪው ጥር ተገፋ። እሷ ግን ከጥር በፊት ታሰረች። ከታሰረች ወዲህ ልጁ አንድ ቀን አልመጣም። መጽሐፉን ብቻ በእናቷ በኩል ላከላት።

«ምን ብሎ ላከው?»

«‹ታንብበው› ነው ያለው። ሌላ ቃል የለውም።» መጽሐፉን በሁለት እጇ ያዘችው። «ይጠብቀኝ እንደሆነ፣ አይጠብቀኝ እንደሆነ፣ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ማወቅ አለብኝ።»

አየሩም፣ ልጁም፣ መጽሐፉም አንድ ላይ አበሳጩኝ። አፍ ያለው ሰው በሰው መጽሐፍ ይናገራል? እማማ ከጥጋቸው «ምን ሥራ አለብሽና ነው የምትግደረደሪው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሥራ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በክፍተቷ ስትገባ ከሥሯ ተቀምጠን ማንበብ ጀመርን። ልጅቷ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ መስመሩን በጣቷ ትከተላለች። እማማ ጆንያቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ፣ ዝም ብለው ግን አይደለም። እኔ እያንዳንዷን ገጽ በንዴት ነው የማነበው። ሰዎች ምን አግኝተውበት ነው? ዝናብ ይዘንባል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች። ዝናቡ ያባራል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች። ልጁ «ዓይኖችሽ» ይላል፣ ምዕራፍ ያልቃል። ስለ ዓይኗ የተጻፈው ቢሰበሰብ የራሱ መጽሐፍ ይወጣዋል። ቀይ እስክሪብቶ ቢኖረኝ ኖሮ ደራሲውን በገጽ በገጹ አርመው ነበር።

አንድ ምዕራፍ ላይ ሁለቱ በታኅሣሥ ተራራ ላይ ወጥተው ሣር ላይ ተጋድመው ኮከብ ይቆጥራሉ፣ ልጅቷ በስስ ቀሚስ።

«የት አገር ነው ይሄ?» አሉ እማማ።

«ደጋ ነው ይላል።»

«በታኅሣሥ? ውርጩ ላይ?» እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተያቸው ልጄ፣ ምዕራፉ ሳያልቅ በሳንባ ይሞታሉ።»

ልጅቷ ያን ቀን ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

የማትስቀው ልጁ ሲናገር ነው። የመጽሐፉ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ነው፣ ልጅቷ የታመመች እናቷን ልታስታምም ትቀራለች። «እጠብቅሻለሁ» ባለ ቁጥር የኛዋ ጣት መስመሩ ላይ ቆም ይላል። «እንደገና ያንብቡልኝ» ትላለች። እደግመዋለሁ። ያንን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንዳነበብኩት እግዜር ይወቀው። ከንባብ በኋላ ባናዋን ተከናንባ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትደግመው አያታለሁ፣ ዳዊቷን የምታስታውስ ትመስላለች።

ጠባቂዋም ሰማችን። የሁለት ልጆች እናት የሆነች ፖሊስ ናት፣ ዩኒፎርሟ ላይ ሹራብ ደርባ ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ውሃ ስታቀብለኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የት ደረሳችሁ?» አለችኝ።

«ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ነው።»

ወደ ውስጥ አየት አደረገች። «ቲቸር፣ መጨረሻውን ለዚያች ልጅ እንዳታነቢላት። የኔ ልጅ አንብባው ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰችም።»

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷና እማማ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁና መጨረሻውን አነበብኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልጁ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏት ልጅቷ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዳ ትጠብቀዋለች። አውቶቡሱ ይመጣል፣ ግን አይቆምም። ልጁ በመስኮት በኩል ይታያታል፣ አጠገቡ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ልጅቷ ስሙን እየጠራች አውቶቡሱን ተከትላ ትሮጣለች፣ በዝናብ፣ ምን ሌላ፣ እስክትወድቅ ድረስ። አለቀ። ያን ሁሉ ገጽ በጭቃ ላይ ደፍቶ አለቀ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በደራሲው ነው። ቀጥሎ የደብረ ብርሃኑ ልጅ ትዝ አለኝና እሱ ባሰብኝ። ይህን መጨረሻ አንብቦ ልኮት ከሆነ ፈሪ ነው፤ በአፉ የከበደውን በመጽሐፍ አሳልፎ መንገሩ ነው። ሳያነበው ልኮት ከሆነ ደግሞ ቂል ነው። የቱ ቢሆን እንደሚሻላት አላውቅም ነበር።

ለእማማ ነገርኳቸው። ብዙም አላሰቡም። «ቀይሪው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መጨረሻውን ነዋ። ልጁ መጣ፣ ተጋቡ በይና ዝጊው።»

«እማማ፣ የተጻፈ ነገር እንዲህ አይቀየርም።»

«የጳውሎስ መልእክት አደረግሽው እንዴ? ሲያልቅ አያምር አሉ። አንቺ አሳምሪላት።»

ከሃያ ዓመት በላይ ተማሪ ያልተጻፈውን እንዳያነብ ስቆጣ ኖሬአለሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሥር ተቀምጬ ያልተጻፈ አነበብኩ። አውቶቡሱን አቆምኩት። ልጁን ከነሻንጣው አወረድኩት። ዝናቡንም አባራሁት፣ እሱን ለራሴ ብዬ ነው። «ወደ እሷም ፈጥኖ ሄደ» እያልኩ ስቀጥል ከደራሲው የባሰ እየጻፍኩ እንደሆነ ይታወቀኛል፤ ግን ቀጠልኩ። እስከ ዛሬ አይጸጽተኝም።

የልጅቷ ጣት ቆመ። «መምህር» አለችኝ፣ «እዚህ ላይ ‹ወረደ› አይልም።»

መጽሐፉን ከእጄ ላይ ቀስ አድርጋ ወሰደችው፣ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ አባቷ ባስተማሯት በውርድ ንባብ ማንበብ ጀመረች።

ይህን ለማያውቅ እንዴት እንደምነግር አላውቅም። በዚያ ንባብ እያንዳንዱ ቃል ይጎተታል፣ የሐረጉ መጨረሻ ላይ ድምፁ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል። የዳዊት ማንበቢያ ነው፣ የውዳሴ ማርያም ነው። «አው፣ቶ፣ቡ፣ሱ፣» ትላለች፣ «አል፣ቆ፣መም፤» ድምጿን ታወርደዋለች። «በ፣መስ፣ኮ፣ቱም፣ አየ፣ችው፤» ታወርደዋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። እማማ በልማድ ሊያማትቡ እጃቸውን አንስተው መሐል ላይ ተዉት። ጠባቂዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች፣ ዝም በሉ አላለችም። እኔ ላግዛት አፌን ስከፍት ልጅቷ እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች፣ ተይኝ ማለቷ ነው። ብርሃኑ ከገጹ ላይ ሸሽቶ ግድግዳው ላይ እስኪወጣ ድረስ አነበበች። ጨረሰችው። መጽሐፉን ዘጋችው።

«ስሙን እየጠራች ሮጠች» አለች።

«አዎ።»

«አውቶቡስ ተከትላ።»

«አዎ።»

«ሰው እያያት?»

«ሰው እያያት።»

ትንሽ አሰበች። «ለምን?»

ስለ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ የጠየቀኝን ጥያቄ ሁሉ መልሻለሁ፣ የማላውቀውንም አውቃለሁ ብዬ መልሻለሁ። ለዚህ ግን ወደ እማማ ዞርኩ። እማማ ናቸው የተናገሩት፣ «ልጅ ናት፣ አልበሰለችም» አሉ።

«እኔን ታክላለች» አለች ልጅቷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ ዋሹኝ።»

«ዋሸሁሽ።»

«እንዳይከፋኝ ብለው ነው።»

«ለዚያው ነው።»

«ይተዉ» አለች። «ቢከፋኝም የራሴ ነው።» ባናዋን ሳብ አደረገችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

መልሱ እሑድ መጣ፤ እሑድ ጠያቂ የሚገባበት ቀን ነው። ጠባቂዋ በሩን ከፍታ ልጅቷን ጠራቻት። «ሦስት ሽማግሌዎች ይፈልጉሻል» አለቻት፣ ቀጥላም እኔን አየችኝ። ሦስት ሽማግሌ አብሮ ለጥየቃ እንደማይመጣ አራታችንም እናውቃለን።

ልጅቷ አልቸኮለችም። ለመጠጥ ካስቀመጠችው ውሃ ላይ ቀንሳ ፊቷን ታጠበች። «ነጠላዎን ያውሱኝ፣ የእኔ አድፏል» አለችኝ። ሰጠኋት። ከላዩ ላይ ባናዋን ደረበች። የላከላትን መጽሐፍም ከባናው ሥር በብብቷ ያዘች። «ማን ይቆምልሻል?» አልኳት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ በሴቷ ወገን ሰው መቆም አለበት። እማማ ቀድመው ተነሥተዋል። ጫማቸውን እየፈለጉ «ምን ትጠይቂያለሽ፣ ተነሺ» አሉኝ።

ግቢው መሐል ላይ በችካል የተወጠረ ገመድ አለ፣ ጠያቂ ወዲያ፣ እስረኛ ወዲህ። ሽማግሌዎቹ ከገመዱ ወዲያ ቆመዋል። አንደኛው መስቀል የያዙ ቄስ ናቸው፣ ሁለተኛው የልጁ አጎት፣ ሦስተኛው በርኖስ የለበሱ በጣም ያረጁ ሰው። የሚያዩበት አጥተው መሬት መሬት ያያሉ። ለነገሩ ያሳፍራል። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ከልጅቷ ጋር አይነጋገርም፣ ከአባቷ ጋር ነው። እነዚህ ግን የሚያነጋግሩት አባት የላቸውም፣ እናትየዋ ደግሞ አስቸግረዋቸዋል።

«እናትሽ ዘንድ ሄደን ነበር» አሉ ቄሱ ሰላምታው ካለቀ በኋላ። «ቃሉን የሰጠው አባቷ ነው፣ እሱ የለም፣ እኔ ያልሰጠሁትን አልመልስም፣ ከራሷ አፍ ስሙ ብላ አሰናበተችን።»

«ማን ቆሞልሻል?» አሉ አጎትየው።

«እኔ አለሁ» አሉ እማማ።

«እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«ጎረቤቷ ነኝ። በጆንያ እንዋሰናለን።»

አጎትየው ሊናገሩ ነበር፣ በርኖስ የለበሱት ሽማግሌ ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው።

ቄሱ ንግግራቸውን ጀመሩ። ጊዜው እንደምታዪው ነው አሉ። የዘንድሮ ውርጭ ገብሱን ጎድቶታል አሉ። ልጁ ትምህርት ላይ ነው፣ ትምህርት ደግሞ ረጅም ነው፣ መንገዱም አይታመንም አሉ። እግዚአብሔር የሚያደርገውን ያውቃል አሉ። ውርጩ ምን አገባው? ገብሱ ምን አጠፋ? አንዴ ተናግረው ቢገላገሉ ምን ነበር? ለሁለተኛ ጊዜ በመናገር ልታሰር አፌን ከፍቼ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ወግ መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅ ለመጠየቅ ሲመጣ አይቀመጥም። ዱላውን ተደግፎ፣ ደጅ ላይ ቆሞ ይናገራል። የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» ካላቸው የጠየቁትን ሰጠ ማለት ነው። ካላላቸው ቆመው እንደመጡ ቆመው ይመለሳሉ። ቃል ሊያፈርሱ ለመጡ ግን የተደነገገ ወግ የለም፤ ደፍሮ የሚመጣበት ሰው ስለማይኖር ይሆናል። እነዚህም ወጉ ስለጠፋቸው በለመዱት መሠረት ቆሙ።

ልጅቷ ባናዋን ከትከሻዋ ላይ አወረደች። ብርዱ ነጠላዬን አልፎ ሲነካት ትከሻዋ ሲሰበሰብ አየሁ። ጎንበስ አለች፣ ባናውን በገመዱ ሥር አሳልፋ እነሱ ባሉበት በኩል መሬቱ ላይ ዘረጋችው፣ ጫፍ ጫፉን አስተካከለችው። ቀና አለች።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አለች።

ቄሱ ንግግራቸው አፋቸው ላይ ቀረ። «ልጄ፣ የመጣንበትን ገና አልተናገርንም።»

«ገብቶኛል» አለች። «ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? ተቀመጡ የተባለ ሽማግሌ ካልተቀመጠ ንቀት ነው። በርኖስ የለበሱት ሰውዬ ቀድመው ተቀመጡ፣ ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ። ቀጥለው ቄሱ። አጎትየው ዞር ዞር ብለው አዩና ከዳር ኩርምት አሉ። ቄሱ ሊናገሩ ሁለት ጊዜ ጀመሩ፣ ቆመው ሊናገሩት ያሰናዱት ነገር ተቀምጠው አልወጣ አላቸው። ልጅቷ የተቀመጠ እንግዳ ባዶ አፉን አይሄድም ብላ ከእማማ ተቀብላ ቆሎ በቆርቆሮ ክዳን አቀረበችላቸው። ከገመዱ ወዲያ የሦስት ሽማግሌ ጥርስ ቆሎ ሲቆረጥም ብቻ ይሰማል። መብላት ግድ ሆነባቸው።

«ልጁ ራሱ ሊመጣ አስቦ ነበር» አሉ አጎትየው ማንንም ሳያዩ።

«አይቸገር» አለች።

«የምትልኪለት ነገር አለ?»

መጽሐፉን ከብብቷ አውጥታ በገመዱ ላይ አቀበለቻቸው። «ይሄን መልሱለት። ጨርሼዋለሁ በሉት።»

አጎትየው ሐምራዊውን ሽፋን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ኪሳቸው ውስጥ ሊከቱት ሞከሩ፣ አልገባ ሲላቸው በእጃቸው ያዙት። ቄሱ ተነሥተው መስቀላቸውን በገመዱ ላይ ዘረጉ፣ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ተሳለመች። «ከዚህ ያውጣሽ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። በርኖስ የለበሱት ሰውዬ ሲነሱ እማማ እጃቸውን ዘርግተው ረዷቸው። የጥየቃው ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፣ ጠባቂዋ ግን ወደ ሌላ በኩል እያየች ነበር።

ሽማግሌዎቹ በዋናው በር ሲወጡ ልጅቷ ባናዋን ከመሬት አነሳች፣ የተጣበቀበትን አፈር አራገፈች፣ ትከሻዋ ላይ መለሰችውና ወደ ክፍላችን ገባች።

እኔን ብዙም ሳይቆዩ ለቀቁኝ። ለምን እንደያዙኝም ለምን እንደለቀቁኝም የነገረኝ የለም፣ «ሂጂ» ብቻ ተባልኩ። እማማ ከእኔ በፊት ወጥተዋል፣ ልጅቷ ከእኔ በኋላ። ወደ ክፍሌ ተመልሼ እዚያው አሥረኛ ክፍል አስተምራለሁ። ስብሰባ ላይ አሁንም እናገራለሁ፣ እጄን የሚጨብጡኝ ግን ቀንሰዋል። መጽሐፉ አሁንም ዴስክ ሥር አለ። መጥፎ መጽሐፍ ነው እላቸዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ድሮ «ሳያነቡት ነው የሚሰድቡት» ይሉኝ ነበር፣ አሁን አንብቤዋለሁና መስደብ መብቴ ነው።

አንዳንዴ ስለዚያች ልጅ እነግራቸዋለሁ። ስለ ጆንያው፣ ስለ ንባቧ፣ ስለ ሦስቱ ሽማግሌዎች። መጽሐፉን በሚሰሙበት ጆሮ ነው የሚሰሙኝ፣ እሱም ያበሳጨኛል። «ከዚያስ? ሌላ ሰው አገባች? ልጁስ ተጸጸተ?» ይሉኛል። የት እንዳለች አውቃለሁ፣ ሞላሌ ገበያ ላይ አግኝቻታለሁ። አልነግራቸውም። ሰው ነች እንጂ ምዕራፍ አይደለችም፣ ኑሮዋን ለእነሱ ፈቃድ አታቀርብም።

ባለፈው አንዷ፣ ከኋላ ዴስክ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፣ ሁሉም ወጥቶ ካለቀ በኋላ ወደ እኔ መጣች።

«ቲቸር፣ ግን ምንም አላለቀሰችም?»

«አልቅሳለች» አልኳት። «እነሱ ከሄዱ በኋላ።»